ለጠመንጃ የሚሆን ሞርሳ

ሰኞ
ብረት ቆንጥጦ የሚይዝልን ሞርሳ ከዳን። አባ የደንበኛችንን የኡመርን ጠመንጃ አስሮበት ሲመታ ጥርሱ ለቀቀ፤ ጠመንጃው ወድቆ ሰደፉ ተሰነጠቀ፣ የአባም አውራ ጣት ተቀጠቀጠ። ደሙን ሳጥብለት "ትንሽ ነው፣ አትንጫጪ" ይለኛል። ትንሽ አይደለም። የጥገና ፈቃዱ በስሙ ነው፤ እጁ ከሄደ ቤታችን ያለችው ወርክሾፕ ተዘጋች ማለት ነው። ኡመር ደግሞ ገጠር፣ ጀልዴሳ ውስጥ ፍየል ያረባል። ጅብ አስቸግሮታል፤ ጠመንጃውን ልወስድ እሁድ እመጣለሁ ብሏል።

ማክሰኞ
ሞርሳ ፍለጋ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ሄድኩ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አዲስ ሞርሳ አገኘሁ። ጥርሱን ስገጥመው በአንድ በኩል ብርሃን ያሳልፋል። ስነካው ይወዛወዛል። "አቦ እህቴ፣ ብረት ብረት ነው!" አለኝ ሻጩ። የአባን ጣት አይቼ ባልወጣ ኖሮ እገዛው ነበር። ባዶ እጄን ስመለስ አባ በግራ እጁ የአሮጌውን ሞርሳ ጥርስ ይሞርዳል። ሞረዱን ቀማሁት። ተኮራረፍን።

ረቡዕ
ከዚራ ሰፈር እትዬ ውብነሽ የሚባሉ ሴት የሟች ባላቸውን ሞርሳ ይሸጣሉ ተባለ። ሰውየው ባቡር ጋራዥ ነበር የሚሠሩት። ከባድ ነው፤ ጥርሱ ሲገጥም ወረቀት አያሾልክም። ልቤ ዘለለ።
"ለምን ሥራ ነው?" አሉኝ።
ለበርና መስኮት ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። "አባቴ ጠመንጃ ይጠግናል" አልኩ።
ፊታቸው ጠቆረ። "ልጄን የበላብኝ ጥይት ነው። ሂጂልኝ።"
መዋሸት ነበረብኝ? መንገዱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ መጣሁ።

ሐሙስ
ኡመር ደወለ። ጅቡ ትናንትም ገብቷል። "እሁድ ይደርሳል አይደል?" ሲለኝ "ኢንሻአላህ" ብዬ ዘጋሁ። የአባ ጣት አብጧል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው እምቢ አለ።

አርብ
ከጁምዓ በኋላ በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። እትዬ ውብነሽ! የጠመንጃ ጠጋኙ ቤት የቱ ነው እያሉ ሰፈሩን ጠይቀው ነው የመጡት። ሞርሳው እግራቸው ሥር ነው። እንኳን ሊቀመጡ፣ ሰላምታም አልሰጡን።
"ጠመንጃው የታለ?"
አሳየኋቸው። "ለጅብ ነው፣ እትዬ።"
"ለጅብ ብቻ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?"
ኡመርን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ጠመንጃው ከዚህ ከወጣ በኋላ አላየውም።
"አላውቅም" አልኳቸው።
ጠመንጃውን አገላብጠው አዩት። "ረቡዕ እውነቱን ስለነገርሽኝ ነው የመጣሁት፤ አሁን ውሸት ብትነግሪኝ ሞርሳውን ይዤ እመለስ ነበር" አሉ። "ከእንግዲህ ግን ጠመንጃ የሚያመጣልሽን ሁሉ ዓይን ዓይኑን እያየሽ ለምን እንደሚፈልገው ጠይቂ።"
ዋጋውን ከአባ ጋር ተስማምተው ሄዱ።
የተሰነጠቀውን ሰደፍ በሙጫ አጣብቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ በሞርሳቸው አሰርኩት። ንቅንቅ አላለም። አባ "ማሻአላህ" አለ፤ ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁም አለ።
ኡመር ከነገ ወዲያ ይመጣል። ወንድሜ እያልኩ የኖርኩትን ሰው ምን ብዬ ነው የምጠይቀው?