የጎረቤቴ መክፈቻ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለአብዱልናስር ዑመር፤ ሐርቡ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው፤ ለማለዳው የሱብሒ ሶላት መስጊድ ድረስ መሄዱ አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ ሻል ብሎዎታል? እማዬስ እንዴት ናት፤ ሳሉ ለቀቃት? ዝናቡስ ጣል ጣል ማድረግ ጀመረ? ከናፍቆታችሁ በቀር የሚያስከፋን ነገር የለም ብዬ ልጽፍልዎ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ደብዳቤ ስለሚያስከፋውም ነገር ስለሆነ ከመጀመሪያው ባልዋሽዎ ይሻላል። በጤና በኩል እኔም፣ ባለቤቴ ሸይማም፣ ልጄ ሀጀርም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሀጀር የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ ቁርጥ እማዬን መስላለች። ይህን ለእማዬ እንዳይነግሯት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉኝ ይሆናል። ባለፈው ጁምዓ ስንደዋወል ስለ ጤናዎ ብጠይቅዎ ስለ በሬው መለሱልኝ፤ ስለ በሬው ብጠይቅዎ ደግሞ «አሚን፣ አሚን» ብለው ዘጉት። ጆሮዎ ደክሟል አባዬ፣ እኔም ስጮህ ሕንፃው ሁሉ ይሰማኛል። ስለዚህ ነገሬን በወረቀት አድርጌ ለአረፋ ወደዚያ በሚገቡ ሰዎች እጅ ልኬዋለሁ፤ እህቴ ሳና ታንብብልዎ። ሳና፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው። የከበደሽን እየዘለልሽ እንዳታልፊ፤ አውቅሻለሁ።

የጠየቁኝን አልረሳሁም። ሬዲዮኑ «የኢኮኖሚ ድቀት» ሲል ሰምተው፣ እውነት ከተማው ወድቆ እንደሆነ ቁርጡን ንገረኝ፣ ከወደቀ ሳይጫንህ ውጣ ብለውኛል። ከወንዙ ማዶ ያለችውን መሬት ለማንም ሳይሰጡ ለእኔ ይዘው እንደሚጠብቁኝ፣ ወንድሜ ሙስአብም ሚስት ለማግባት መሬት እየጠየቀ አንተ እስክትወስን ብለው እንዳቆሙት ነግረውኛል። እስከ አረፋ መልስ እፈልጋለሁ ስላሉ ይኸው መልሴ።

መጀመሪያ የተማረ ሰው ልጠይቅልዎ ብዬ ነበር። ታዴዎስ የሚባል ደንበኛ አለኝ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ፣ ኢኮኖሚ የተማረ ጨዋ ልጅ ነው። ድቀት የሚባለው የአገር ምርት ለወራት በተከታታይ ሲቀንስ ነው፣ የእኛ ግን በሪፖርቱ እያደገ ነው፣ ሰውን ያጎበጠው የዋጋው መናር ነው ብሎ በትዕግሥት አስረዳኝ። እንግዲያው እኛ አልወደቅንም፣ ኑሮው ነው ሽቅብ የሄደብን ማለት ነዋ አልኩት። ሳቀና፣ የአገር ቁጥር የሁላችንም ድምር ስለሆነ የአንተን ሱቅ ብቻውን አያሳይህም አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ በክንዱ ላይ አንድ አሮጌ መጋረጃ ይዞ ነበር፤ ወደ አነስተኛ ቤት ስለተዛወሩ እንዳሳጥርለት ነው የመጣው።

በእኔ ሙያ የሰው ኑሮ በመስኮቱ ይታወቃል አባዬ። እዚህ ሃያ ሁለት፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ መጋረጃ ሰፍቼ መሸጥ የጀመርኩ ጊዜ ሰው ለሙሉ ቤት ነበር የሚያዘው፤ ከኮርኒስ እስከ ወለል፣ ከውስጥ ስስ፣ ከውጭ ወፍራም። አሁን ለሳሎን መስኮት ብቻ ይላሉ፤ እሱም መንገደኛ ስለሚያየው ነው። መኝታ ቤቱስ ስላቸው አንሶላ እንሰቅልበታለን ይሉኛል። ጨርቁ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዶላር በተወደደ ቁጥር እሱም ይወደዳል፤ ዋጋ ስናገር እኔው ራሴ አፍራለሁ። ብዙው ሥራዬ ማሳጠር ሆኗል። መጋረጃ ሲያጥር ደግሞ የሰው ቤት ጠቧል ማለት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ያ የማሳጠሩም ሥራ ቀረ። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጬ ዝንብ እሽ ስል ውዬ ባዶ እጄን መግባት ልማድ ሆነብኝ። አንድ ቀን እዚያው ሱቅ ሆኜ ደወልኩላትና በቃ፣ ወሩ ሲያልቅ ሱቁን አስረክባለሁ፣ ዕቃ መሰብሰብ ጀምሪ፣ ሐርቡ እንገባለን አልኳት። አለቀሰች። እኔም አላለቀስኩም ብል ውሸት ይሆናል። የእርስዎ መሬት ባትኖር ያን ቀን ምን እሆን እንደነበር አላውቅም፤ ቢያንስ የምሄድበት ነበረኝ። ለዚህ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

አሁን ላጲሶን ላስተዋውቅዎ። ላጲሶ የሆሳዕና ሰው ነው፣ ጴንጤ፤ በእኔና በእሱ ሱቅ መካከል አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም እንደ እኔው መጋረጃ ይሸጣል። እርስዎ ልጅ ሳለሁ ገበያ ይዘውኝ እየወጡ ያስተማሩኝ ደንብ ትዝ ይልዎታል? የጠዋቱን መክፈቻ አንዴ ከሸጥን በኋላ ጎረቤታችን ገና አንድም ካልሸጠ፣ ቀጥሎ የመጣውን ገዢ «እሱ ጋ ሂድ፣ እሱም ይክፈት» ብለን እንልከው ነበር። እኔም እዚህ እንደመጣሁ መክፈቻዬን ሸጥኩና አንዲት ሴትዮ ስትመጣ ወደ ላጲሶ ላክኋት። ላጲሶ ይህን ደንብ ከየት ይወቀው? ተፎካካሪ ገዢውን መርቆ የሚሰጠው ሴትዮዋ የማትከፍል ብትሆን ነው ብሎ ጠርጥሮ መልሶ ላካት። እኔ ደግሞ የእሱ ገበያ ደርቶ ለእኔ ያሰበ መስሎኝ አመስግኜ እንደገና ወደ እሱ ሰደድኋት። ሴትዮዋ በኮሪደሩ ስትመላለስ ቆይታ በመጨረሻ ሁለታችንንም ረግማ ከፊት ለፊታችን ካለው ሱቅ ገዝታ ሄደች። ያን ዕለት ከላጲሶ ጋር ተጨቃጭቀን፣ ነገሩ ሲገባን ደግሞ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ጓደኛሞች ነን፤ ደንቡንም ከእኔ በላይ እሱ ነው የሚጠብቀው።

ለሸይማ በደወልኩ ማግስት፣ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣችና ቦሌ በኩል የእንግዳ ማረፊያ ልትከፍት እንደሆነ፣ ለሁሉም ክፍል መጋረጃ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ማን ጠቆመሽ ስላት ከጎንህ ያለው ሰውዬ እሱ ጋ ሂጂ ብሎኝ ነው አለች። ላጲሶ ዛሬ ከፍቷላ ብዬ ደስ አለኝና መለካትና ማስላት ውስጥ ገባሁ። ሴትዮዋ ቀብድ ሰጥታኝ ስትወጣ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ኮሪደሩን ሳይ ነበር፤ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? ከእሷ በቀር ወደ ላጲሶ ሱቅ የገባ ሰው አልነበረም።

ሄጄ ጠየቅሁት። ጨርቅ የሚያጣጥፍ መስሎ ፊቱን አዞረብኝ። ዛሬ ከፍተሃል ወይ ስለው አልከፈትኩም አለ። ትናንትስ ብዬ ስጠይቀው ትናንትም አለ። ታዲያ እንዴት ወደ እኔ ትልካታለህ፣ ደንቡ እንዲህ አይደለም ብዬ ተቆጣሁ፤ እውነት ተቆጣሁ አባዬ፣ እንባዬ እየመጣ ነበርና። ላጲሶም፣ ጣውላው ቀጭን መሆኑን አታውቅም እንዴ፣ ከሚስትህ ጋር ያወራችሁትን ሰምቻለሁ አለኝ። ከዚያም፣ አንተ ብትሄድ በቦታህ ማን እንደሚገባ አላውቅም፣ ከማላውቀው ሰው ጎን ሆኜ ከምጠግብ ከሚያውቀኝ ጎረቤት ጋር ቢጎድልብኝ ይሻለኛል አለ። እኔ እሱን አቅፌ ቆምኩ። እሱ ወፍራም ስለሆነ እጄ አልደረሰም እንጂ።

ሥራውን ለብቻዬ አልሠራሁትም። ጨርቁን ከሁለታችን ሱቅ አወጣን፣ እሱ ቆረጠ፣ እኔ ሰፋሁ፣ አብረን ሄደን ሰቀልን፤ ያገኘነውንም እኩል ተካፈልን። ሴትዮዋ ሥራችን ደስ አሰኝቷት ሌሎች ሰዎችም ላከችልን፤ ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ። ከዚያ ላጲሶ አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ለሁለት ሱቅ ኪራይ ከምንገፈግፍ አንዱን መልሰን በአንዱ እንሥራ አለ። አከራያችንን ለመንናቸው፤ ሰውዬው ቁጡ ናቸው ግን እሺ አሉ፣ አላህ ይስጣቸው። የትኛው ይመለስ ተባብለን ስንከራከር እሱ የኔን፣ እኔ የኔን እያልን መሸብን፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን እናስረክብ ማለታችን ነው። በመጨረሻ አከራዩ ራሳቸው ጣውላውን አንሱትና ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ያዙ፣ የተረፈውን ለዕቃ ማስቀመጫ ለሌላ ሰው አከራየዋለሁ አሉ። ቅዳሜ ነቀልነው። ሸይማ ምሳ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሀጀርም ምስማሩን ለቀመች።

እንግዲህ ኢኮኖሚው ወድቋል ወይ ላሉኝ፣ ስለ አገሩ ታዴዎስ ያለውን ጽፌልዎታለሁ፤ እሱ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ስለ እኔ ግን፣ መውደቁንስ ወድቄ ነበር፤ ሰው ደግፎ አነሣኝ። አሁንም ኑሮው ከባድ ነው፤ ነገ ምን እንደሚመጣም አላውቅም። ግን ሱቁን አላስረክብም አባዬ፤ ሸይማም ዕቃውን መልሳ ፈትታዋለች። ያስተማሩኝ ደንብ ነው ያተረፈኝ። እኔ ደንብ ስለሆነ አደርገው ነበር፤ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ ወደ እኔ ሲመለስ ነው። አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ፣ ልጅዎ በእርስዎ ይኮራል። ለላጲሶም ዱዓ ያድርጉለት፤ እሱም በቤተ ክርስቲያኑ ስለ እርስዎ ይጸልያል፣ ስምዎን በትክክል መጥራት ባይችልም።

እማዬን እጅ ነሥቼ እግሯን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ ሸይማ የሳል መድኃኒትና ለአረፋ የሚሆን ሻሽ ልካላታለች። ለሳና ደግሞ፣ ለንባቧ፣ አንድ የተረፈ ጨርቅ ቀሚስ አድርጌ ሰፍቼላታለሁ፤ ጠበበኝ ካለች ጥፋቱ የእሷ ነው። አክስቴን ከነልጆቿ፣ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ፣ የመስጊዱን ሰዎች በየስማቸው ሰላም ይበሉልኝ።

ሙስአብን ግን ሰላምታ ብቻ ብለው እንዳይተዉት አባዬ። ይህ ሲነበብ በር አካባቢ ቆሞ እየሰማ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በእኔ ምክንያት ሠርጉ ቆሞበት አንድ ቀን እንኳ አላማረረኝም። ለእኔ የያዙልኝን መሬት ለእሱ ይስጡልኝ። ዝናቡ ሳያልፍበት በሬዎቹን ይጥመድ።

ልጅዎ ሐሩን አብዱልናስር
አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት
ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.