የበሩ ሰዓትና የልጄ ዘጠኝ ቀሪዎች

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር
ባሉበት (በስብሰባ ላይ ካሉም በስብሰባው አዳራሽ)

ጉዳዩ፦ በሰዓቱ መገኘትን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ እያልሁ፣ ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ወንበርዎ በደህና መሰንበታቸውን ተስፋ አደርጋለሁ። ወንበርዎን ለይቼ ማንሣቴ፣ ባለፉት ሁለት ወራት አራት ጊዜ ቢሮዎ ስመጣ ያገኘሁት እሱን ብቻ ስለሆነና በመካከላችን መተዋወቅ የመሰለ ነገር ስለተፈጠረ ነው።

እኔ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ባለችው ጠባብ ሱቅ ሰዓት የምጠግን ሰው ስሆን፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ አለችኝ። በልጄ ቦርሳ የላኩልኝን ባለ ሦስት ገጽ ማሳሰቢያ ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ ተስማምቻለሁ። አንድ ቀን የቀረ ተማሪ የዚያን ቀን ትምህርት ብቻ ሳይሆን የማግስቱንም መረዳት ያቅተዋል ማለትዎ በሙያዬ የማውቀው እውነት ነው፤ አንዲት ጥርስ የጎደላት ማርሽ ጥፋቷ የራሷ ብቻ ሆኖ አያውቅም፣ ከኋላዋ ያሉትን ሁሉ ታስቆማለች። ማሳሰቢያው ሲደመድም አሥር ቀን የቀረ ተማሪ ለዓመቱ ማጠቃለያ ፈተና እንደማይቀመጥ፣ ልጄም እስካሁን ዘጠኝ ቀን እንደቀረች ይገልጻል። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እንግዲህ ዓመቷ በአንዲት ማለዳ ላይ የተንጠለጠለ ልጅ አባት እንደመሆኔ፣ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ከጥበቃው ቤት በላይ ስለተሰቀለው ሰዓት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ይህ ሰዓት ከሌሎች ሰዓቶች ሁሉ አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀድማል። ትምህርት ቤታችን ከዘመኑ ቀድሞ እንዲገኝ ያለዎትን ምኞት ስለማውቅ አልቃወምም። ይሁን እንጂ ልጄ መንገዱን ተሻግራ በሩ ላይ ስትደርስ በሌላው ዓለም ለሁለት ሰዓት ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር፣ በእርስዎ ሰዓት ሁለት ሰዓት ከሁለት ሆኖ ይጠብቃታል፤ በሩም ተዘግቷል። ለምን ቀደም ብላ አትወጣም ይሉኝ ይሆናል። ትወጣለች። ሰዓቱም ይወጣል። በዓመቱ መጀመሪያ የሚቀድመው ሦስት ደቂቃ ነበር፤ እሷ ሦስቱን ስትደርስበት እሱ ሰባት ገባ፣ ሰባቱን ስትደርስበት አሥራ አንድ። በዚህ አያያዙ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት እስክትደርስ ለማክሰኞ ትምህርት ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ መነሣት ይኖርባታል።

የእጅ ሰዓቴን አውልቄ ልጆቹ «አባባ ደቂቃ» ለሚሏቸው የበር ጠባቂ ባሳያቸው፣ «የኔ ልጅ፣ ያንተ የግል ሰዓት ነው፤ ይሄ የትምህርት ቤት ነው። እሱ ሁለት ካላለ አልዘጋም፣ ሁለት ካለ አልከፍትም» ብለው አሰናብተውኛል። ሠላሳ ዓመት ሰዓት ስጠግን እንዲህ ያለ ታማኝ ሰው ያገኘ ሰዓት አላየሁም።

፪. የዘገየ ተማሪ ወደ ቤቱ ይመለስ የሚለውን መመሪያ ያመነጨውን አእምሮ ሳላደንቅ አላልፍም። ልጄ በእርግጥም ሁለት ደቂቃ ዘግይታ ቢሆን ኖሮ የሚያመልጣት የሁለት ደቂቃ ትምህርት ነበር፤ በእርስዎ አሳቢነት ግን ቀኑን ሙሉ ያመልጣታል፣ ከዚያም ቀርታለች ተብሎ ማሳሰቢያ ይጻፍባታል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚለውን አባባል በደብዳቤ ራስጌና በማኅተም ታትሞ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በተመለሰችባቸው ቀናት ልጄ ሱቄ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው መስኮት የክፍሏን ሰሌዳ እያየች ለመገልበጥ ትሞክራለች። አንድ ቀን የሰዓት መጠገኛ ማጉያዬን ዐይኗ ላይ ሰክታ ሩቁን ለማንበብ ስትታገል አገኘኋት። ማጉያ ለቅርብ እንጂ ለሩቅ እንደማያገለግል በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አስተምረዋል አሉ። ያን ዕለት ቀርታ ነበር።

፫. ሰዓቱን በነጻ አስተካክላለሁ ብዬ ላቀረብሁት ማመልከቻ ስለሰጡኝ የጽሑፍ መልስ አመሰግናለሁ። ሰዓቱ የትምህርት ቤቱ ቋሚ ንብረት ስለሆነ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ መንካት የንብረት ኮሚቴውን ውሳኔ እንደሚጠይቅ ከመልሱ ተረድቻለሁ። ኮሚቴው ለሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ ከሰባቱ አባላት ሦስቱ ብቻ በመገኘታቸው ምልዐተ ጉባኤ ሳይሟላ መበተኑንም ሰምቻለሁ። ካልተገኙት አራቱ አንዷ በእርግጥ መጥተው ነበር፤ ነገር ግን በበሩ ሰዓት ዘግይተው ስለደረሱ አባባ ደቂቃ መልሰዋቸዋል። እኚህ እመቤት ከኮሚቴው ሁሉ ስለ ሰዓቱ የሚናገሩት ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

፬. በወላጆች ቀን «ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ያልቀረች» ተብላ የምስክር ወረቀት ለተሸለመችው፣ በልጄ ክፍል መዝገብ ለተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ እንኳን ደስ አላት እላለሁ። ይህች ልጅ ቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወረ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። ስሟ ከመዝገቡ ስላልተሰረዘ ሲጠራ የቀድሞ የወንበር ጓደኞቿ ለወዳጅነት ሲሉ «አለች» ይላሉ፤ አለችም። ጥሪው የክፍለ ጊዜውን ሲሶ ስለሚወስድ አስተማሪው ቀና ብለው የሚያዩበት ትርፍ ጊዜ የላቸውም። የእኔ ልጅ በሩን ተደግፋ ስሟ ሲጠራ እየሰማች ቀርታለች፤ ጓደኛዋ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ተገኝታለች። ባለቤቴ ይህን ስነግራት፣ እኛም ከተማ ብንለቅ ይሻለን ይሆን አለችኝ። ቀልዷን መሆኑን እስካሁን አላረጋገጥሁም።

፭. አምስተኛውን ቅሬታ እንዳልጽፍ ልጄ ለምናኛለች። እባክዎ ቀሪ ብለው ይመዝግቡት።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ዘጠኙ ቀሪዎች በሰዓቱ ስም ይመዝገቡ። የቀረው እሱ ነው። ልጄ ትምህርት የምትጠላ ብትሆን ኖሮ ዝም ባልሁ፤ ዘጠኙንም ቀን ግን ወደ በሩ ስትሮጥ ከሱቄ መስኮት አይቻታለሁ፣ ስትመለስ ግን ሮጣ አታውቅም። ተከታትሎ መማር ይጠቅማል የሚለውን የእርስዎን ማሳሰቢያ ከልቡ ያመነ አንድ ሰው በዚህ ሰፈር ቢኖር እሷ ናት።

የእርስዎን፣ የወንበርዎንና ያልተሟላውን ጉባኤ ጤንነት አጥብቄ እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ ማዶ ሁልጊዜም በትክክለኛው ሰዓት የማከብርዎ፣

ሰዓት ጠጋኙ

ግልባጭ፦
ለንብረት ኮሚቴው (ሰው ከተገኘ)
ለተራ ቁጥር ሠላሳ አንድ (በአዲሱ አድራሻዋ)
ለሱቄ መስኮት፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያነበው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልለጥፈው ሰዓቱ ቆመ። ባትሪው አልቆ ነው፤ የቆመውም ለሁለት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። አባባ ደቂቃ በቃላቸው ጸንተው፣ እሱ ሁለት እስኪል በሩን አልዘጋም ስላሉ፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ይውላል። በትምህርት ቤታችን ታሪክ እንዲህ ያለ ክትትል ታይቶ አይታወቅም፤ ምክትልዎ ትናንት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገቡ በማለዳ ተነሺነታቸው በአባባ ደቂቃ ተመስግነዋል። ልጄ ሦስቱንም ቀን ተምራለች። አዲሱ ባትሪ መሳቢያዬ ውስጥ ተዘጋጅቶ አለ፤ ደንቡን አክብሬ ኮሚቴው ተሟልቶ ሲፈቅድልኝ ብቻ ነው የምሰቅለው። ፈተናው እስኪያልፍ ግን፣ እባክዎ፣ ማንም በኮሚቴው ስብሰባ እንዳይገኝ አደራ።