ያልተለካ እግር

ሐሙስ፣ መጋቢት 9
ከአባባ ሱቅ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደኅና ነን። የአባትህ፣ የአባባ፣ ጉልበት ደረጃ ባየ ቁጥር ያማርራል እንጂ ጫማ ሲሰፉ እጃቸው ዛሬም ወስፌ አይስትም። እኔ ከተመረቅሁ አምስት ወር ሞላኝ፤ ማመልከቻ ያላስገባሁበት በር የእስር ቤቱ ብቻ ነው።

ለጊዜው ግን ሥራ አላጣሁም። ወላጅ አልባዎቹ የአርመን ልጆች ከእልቂት ተርፈው እዚህ ከተማ የገቡበት መቶኛ ዓመት እሑድ ታስቦ ዋለ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ኤግዚቢሽኑ ካማረ ቤተ መዘክሩ ሊቀጥረኝ እንደሚችል ስለሰማሁ እግሬ መሬት አልነካም ነበር።

ጥፋቴም ከዚሁ ይጀምራል። ሰብሳቢው፣ አንተን ሒሳብ ያስተማሩህ ጡረተኛው መምህር፣ ከልጆቹ እጅ የወጣ አንድ ዕቃ እንኳ የለንም ብለው ሲያዝኑ፣ አፌ ቀደመኝና «እኛ ቤት አለ» አልኩ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ የነበሩት ቅድመ አያቴ የሰፏቸውን ጫማዎች ማለቴ ነው። ታስታውሳቸው የለ፣ ከሱቁ ጀርባ ላይኛው መደርደሪያ ላይ በጨርቅ የተሸፈኑትን? በስደቱ መንገድ ለጠፋችባቸው ታናሽ እህታቸው በየዓመቱ አንድ ጥንድ ይሰፉ ነበር። ይህን ጊዜ እግሯ አድጓል እያሉ በየዓመቱ ጥቂት ይጨምሩበታል። አንድ ቀን በሩን ስታንኳኳ ባዶ እግሯን እንዳትቆም።

አባባን ሳልጠይቅ ጫማዎቹ በፕሮግራሙ ላይ ታተሙ። ሲሰሙ አልጮኹብኝም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው፣

«ዲግሪሽ ጠይቆ መውሰድን አላስተማረሽም?» አሉኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን አኮረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ስህተቴን ለሰብሳቢው ልናዘዝ፣ ቅጥሩም ይቅርብኝ ብዬ ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ። መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል።

«አንቺ አውርጂ፣ እኔ እቀበላለሁ» አሉ። «መቶ ዓመት መደርደሪያ ላይ ጠበቅናት። ተደብቆ የሚጠብቅን ሰው ማን ያገኘዋል? ምናልባት ከሚያዩት መሃል የእሷ ዘር ቢኖርስ።»

እያወረድኩ አቀበልኳቸው። መጀመሪያ መዳፌ ላይ የሚያርፉት፣ ቀጥሎ የልጃገረድ፣ በመጨረሻ የትልቅ ሴት። ከዚያ ከሁሉም ጀርባ እጄ ሌላ ቆዳ ነካ። የወንድ ጫማ ነው፤ አዲስ፣ የፊተኛው ጥንድ ማስቲሽ ገና ይሸታል። ዘጠኝ ጥንድ። አንተም ከሄድክ ዘጠኝ ዓመትህ ነው።

ከታች መሰላሉን እንደያዙ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እነዚያን ተያቸው። ባለቤት አላቸው» አሉ።

ተውኳቸው።

እሑድ ሕዝቡ ተሰልፎ ገባ። አንዲት ሕፃን ትንሾቹን ጫማዎች እያየች ሶላቸው ለምን ንጹሕ እንደሆነ እናቷን ጠየቀች። የእህትየው ዘር ነኝ ያለ ሰው አልመጣም። አባባ ግን ቀኑን ሙሉ ከበሩ አጠገብ ቆመው የሚገባውን ሁሉ እግር እግሩን ሲያዩ ዋሉ። የቅጥሩ ነገር በወሩ መጨረሻ ይታወቃል ተብያለሁ። ካልሆነም ሌላ በር አንኳኳለሁ፤ እጄ እንደሆነ ለምዷል።

ሰኞ አባባ ሶል ሲቆርጡ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቢላው የሚነግሩ ይመስል፣ «ሃምሳን ያለፈ ሰው እግሩ ይሰፋል» አሉ። «በግምት መስፋት ደግሞ ሥራ አይደለም» አሉና መቁረጣቸውን ቀጠሉ።

ጻፊለት አላሉኝም። ሱቁን ጥለህ የወጣህ ዕለት ምን እንደተባባላችሁ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። የዚህን ወረቀት ጀርባ ባዶ የተውኩት ግን ሆን ብዬ ነው። መሬት ላይ አንጥፈህ ቁምበትና የእግርህን ዙሪያ በእርሳስ ሥለህ መልሰህ ላከው። ወረቀቱ የሚይዘው አንድ እግር ነው፣ እሱ ይበቃል። ሌላ ቃል ባትጨምርበትም አባባ ያነቡታል።

ጤናህን ያብዛልህ። የሄድክበትንም፣ የምትመጣበትንም መንገድ ጨርቅ ያድርግልህ።

የምትናፍቅህ ልጅህ

ስትሥል ካልሲህን አውልቅ። በካልሲ የተለካ እግር አይቀበሉም።