አስወረዳት ወይስ አስወረደች

ዘኑዬ፣ የኔ ዓለም፣

ሙት ዓመትሽ ሊደርስ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ከሥራ ስገባ «መጣሁ» እያልኩ ነው በሩን የምከፍተው። ሌላ ጊዜ ቀራንዮ መቃብርሽ ላይ ቆሜ ነበር የማወራሽ። ዛሬ ፍርድ ቤት ውዬ መጣሁና እግሬም አፌም አልረጋ አለኝ። እስኪ ቁጭ ብዬ ልጻፍላት አልኩ። ቁጭ አልኩ ልበል እንጂ ደጋግሜ ተነስቻለሁ።

ቤቱ ያው ነው። ማርታ ትምህርት ቤት ገባች፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ታስቃለች። ትንሹ ከእህቴ ጋር መተኛት ለምዷል፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ እህቴ እኛው ጋ ናት። እኔም አናጢዎቹ ማኅበር ውስጥ እንጨቴን እልጋለሁ። ከአጥሩ ማዶ ግን ቤቱ ተዘግቶ ከረመ፤ እትዬ ወለላ ታስረው ነበር።

ይህን አታውቂም። ያረፍሽ ቀን እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አንቺን ሆስፒታል ያደረሱሽ እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ምን ሆና ነው ተብለው ሲጠየቁ «አስወረደች» አሉ። አለቀ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ። «አስወረዳት» ቢሉ ኖሮ ፅንሱ በራሱ ጊዜ ወረደ ማለት ነው፤ ያሳዝናል እንጂ አያስከስስም። «አስወረደች» ግን ወንጀል ነው፤ ያስወረደላትም ሰው አለ ማለት ነው። ደምሽ እየፈሰሰ ፖሊስ ተጠራ። ማን እንደሠራልሽ ሲጠይቁሽ ነው ነፍስሽ የወጣችው አሉኝ። አንቺን ቀብረን እንደተመለስን እሳቸውን አስወራጇ ናቸው ብለው ከለቅሶሽ ድንኳን ወሰዷቸው።

የእትዬ ወለላን አማርኛ ታውቂዋለሽ። ከጉራጌ አገር መጥተው ስንት ዘመን ኮልፌ ገበያ ቅቤ ሸጠው፣ ዛሬም ራበኝ ለማለት «ራብኩ»፣ በረደኝ ለማለት «በረድኩ» ነው የሚሉት። ቤታችንን ያስለመድሽው አንቺ ነበርሽ እኮ! እኔ «ራብኩ» እያልኩ ስገባ «እኔም ጨነቅኩ» ትዪኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ምኑን እራት በላነው፣ በሳቅ ነበር የምንጠግበው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ ሕግ ነው። «ልቧ ደካማ ነው፣ ሌላ ልጅ እንዳይሞከር» ያለን ሐኪም ነው። ሳናስበው ስታረግዢ ሕጉ ራሱ የእናትየዋን ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ይፈቀዳል ይላል። ግን አንዱ ሐኪም ጽፎ ሁለተኛ ሐኪም መስማማት አለበት። ሁለተኛው ከየት ይምጣ? «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተባለና መድኃኒቱም በጀቱም ሐኪሙም እዚያው ሄደ። የቀበሌያችን ክሊኒክማ ፋሻ እንኳ አልነበረውም። በሄድንበት ሁሉ ሌላ ሳምንት ኑ ነው። በመጨረሻ አንቺ «ተወው፣ እግዜር ያውቃል» አልሽኝ። ምን ማለትሽ ነበር? እውነት ትተሽው ነው ወይስ ከእኔ ደብቀሽ ሌላ መንገድ ልትፈልጊ? ዓመቱን ሙሉ የሚያብከነክነኝ ይኸው ነው።

ዛሬ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ዐቃቤ ሕጉ ሚስትህ አስወርዳለች ወይስ አላስወረደችም አለኝ። የማላውቀውን ምን ልበል? የማውቀውን ተናገርኩ። እኚህ ሴትዮ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት አያውቁም፣ ሁለቱም በእሳቸው አፍ አንድ ናቸው አልኩ። ዐቃቤ ሕጉ በሹፈት ሳቀ። ዳኛው ግን ወደ እትዬ ወለላ ዞሩና እስር ቤቱ እንዴት ነው ብለው ጠየቋቸው። እሳቸውም ሳያስቡት «በረድኩ ጌታዬ፤ ራብኩ» አሏቸው። ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ዳኛው ሳይቀሩ ፈገግ አሉ። እኔ ግን አለቀስኩ፣ ዘኑዬ፤ አንቺ ብቻ ነሽ የጎደልሽው። ከዚያ ቃል በቀር ሌላ ማስረጃ አልነበረምና ለቀቋቸው።

ታክሲ ውስጥ እጄን ያዙና የዚያን ቀን የሆነውን ልንገርህ አሉኝ። ስፈልገው የኖርኩት እሱን አይደል? ግን ከሰማሁ አወቅሁ ማለት ነው፤ ነገ መልሰው ቢያስምሉኝስ? ሆድ ይፍጀው፣ እትዬ አልኳቸው። አሁን ታዲያ ከአጥሩ ማዶ ቤታቸውን ሲጠርጉ እሰማቸዋለሁ። ሄጄ ንገሩኝ ልላቸው እነሳለሁ፤ በሩ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ!

ማርታ አድጋ እናቴ ምን ሆና ሞተች ማለቷ አይቀርም። ሰዉ እንደሚለው ሆዷን ታማ ብዬ አልሸነግላትም። እናትሽ ከእናንተ ጋር መቆየት ፈልጋ ነበር፣ ሕጉም ፈቅዶላት ነበር፣ ሁለተኛ ሐኪም አጥተን ነው እላታለሁ። ወርዶብሽም እንደሆነ፣ አስወርደሽም እንደሆነ፣ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም፤ ስምሽንም በሹክሹክታ አላስነሳም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። አስወርደሽ ከሆነ፣ የኔ ዓለም፣ ብቻሽን መሄድ አልነበረብሽም። ብትነግሪኝ ኖሮ እጅሽን ይዤ አብሬሽ እሄድ ነበር።

ባልሽ