በመቀናጆ ስለተጣመሩት ክንፎችና ስለ ግማሹ ጭራ

ቀን፦ ነሐሴ 19 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ መስከረም 2 ቀን በአብዮት በዓል ላይ በማይመሳሰሉ ሁለት ክንፎችና በግማሽ ጭራ እንድበር የተላለፈው ውሳኔ እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ ጓድ አስተዳዳሪ፣

አብዮታዊ ሰላምታዬን በትሕትና አስቀድሜ፣ እኔ ስሜ ከታች የሰፈረው አመልካች የዚሁ ከተማ ነዋሪ፣ የወፍጮ ቤት መካኒክ፣ የሁለት ልጆች አባትና ለጊዜው በሕይወት ያለሁ ሰው መሆኔን እያስታወቅሁ አቤቱታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ወደ አገሬ ከመመለሴ በፊት በደብረ ዘይት በአውሮፕላን ጥገና ሥራ አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። ስንቱን አውሮፕላን ቅባት ቀብቼ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ ሽቅብ ልኬ እኔ ታች ቀርቻለሁ። አንድም ቀን አልበረርሁም። የግራ ጆሮዬ በሞተር ድምፅ ደክሞ ስሰናበት አንድ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ይዤ መጣሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ጃይሮፕላን የምትባል፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ትንሽ መብረሪያ አለች። ከሄሊኮፕተር የምትለየው፣ ከራስ በላይ ያሉትን ሁለት ክንፎች የሚያዞራቸው ሞተር ሳይሆን ነፋስ በመሆኑ ነው። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ መግፋት ብቻ ነው ሥራው።

2. ይህችን መብረሪያ ከባለቤቴ ከወይዘሮ አመለወርቅ ወንድም ከአቶ ፈንታሁን በላይ ጋር ሦስት ዓመት ለፍተን ሠራናት። አቶ ፈንታሁን ሞፈርና ቀንበር የሚጠርብ፣ እጁ የተባረከ አናጢ ነው። ሞተሯ ከተገለበጠች ቮልስ የወጣ ነው፣ ጎማዎቿ የጋሪ ናቸው። እስከዚህ ድረስ ተስማምተን ነበር። የተጣላነው በክንፉና በጭራው ነው።

3. እኔ ክንፎቹን ከአሉሚኒየም ሠራሁ። አጭርና ቀላል ስለሆኑ ነፋስ ሲነካቸው ቶሎ መዞር ይጀምራሉ። እሱ ደግሞ የራሱን ጥንድ ከዋንዛ ጠረበ። ከእኔዎቹ አንድ ክንድ ይረዝማሉ፣ ለመነሣት ያንገራግራሉ፣ አንዴ ከዞሩ ግን ሞተሩ ቢጠፋ እንኳ ዙራቸውን ቶሎ አይለቁም። ጭራን በተመለከተ የእሱ ቋሚ ብቻ ነው፤ ቀኝና ግራ ለመዞር ይበቃል ባይ ነው። የእኔ ጭራ ከቋሚው ሌላ በግራና በቀኝ አግድም የተዘረጋ አለው። የመብረሪያዋ አፍንጫ በድንገት ሲደፋ ከኋላ የሚይዛት ይኸው አግድም ጭራ ነው። እሱ ከሌለ የሚገፋት ሞተር ራሱ በግንባሯ ይተክላታል። ይህንኑ ለአቶ ፈንታሁን ሳስረዳ፣ ጭራው የቆመ አውራ ዶሮ እስከ አጥር ይበራል፣ ጭራው የተዘረጋ ጭላት ግን ሰማይ ላይ ይውላል ብዬ ነበር። «በእኅቴ ቤት ዶሮ አልኸኝ?» ብሎ ከፋሲካ እስከ ሰኔ ሚካኤል አላናገረኝም።

4. ባለቤቴ በባልና በወንድም መካከል መመላለስ ቢሰለቻት ሽማግሌ ጠራሁ። የጠራሁት እኔው ነኝ፤ ማንንም አላማርርም። በመሪጌታ አካሉ የሚመሩ አምስት ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰሙን። ክንፎቹን በእጃቸው መዘኑ፣ ጭራውን ዳበሱ። በመጨረሻም መሪጌታ «እናንተ ልጆች፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ጎረቤታሞች ምን ያደርጋሉ? ይቀናጃሉ። በሬ ከተቀናጀ ክንፍ ምን ይገደዋል?» አሉ። ስለዚህ አንዱ ክንፍ የእኔ አሉሚኒየም፣ ሌላው የእሱ ዋንዛ እንዲሆን ተፈረደ። ጭራውም የእሱ ቋሚ ሆኖ፣ ከእኔ አግድም ጭራ የቀኙ ግማሽ ብቻ እንዲጨመርበት፣ ማናችንም አንገታችንን ደፍተን እንዳንሄድ ተባለ። ክንፍ በሬ አይደለም፣ ሁለቱ እኩል ካልመዘኑ ሰው ይገድላል ብዬ ነበር። መሪጌታ ግን «አብሽር ልጄ፣ በዕርቅ የተጣመረ አይለያይም» አሉኝ። የሚበረው በዕጣ ሲለይ ዕጣው ለእኔ ወጣ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለን ጉልበት ሳምን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቄስ ስለሆኑ ዕርቁን ቀድሞ ያፈረሰ የተገዘተ ይሁን አሉ፣ እኛም አሜን አልን።

5. ይህን የሰማው የክብረ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ የመቀናጆ ክንፍ ለኅብረት ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው በማለት ውሳኔውን በቃለ ጉባኤ አጽድቆ ማኅተም አድርጎበታል። በተበተነው ፕሮግራም ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል የሰፊው ሕዝብ ፈጠራ በረራ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ የበራሪው ንግግር ይላል። ንግግሩን እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ፤ ከየት ሆኜ እንደማሰማው ግን አልተገለጸልኝም። መመሪያ ቢሰጠኝ ደስ ይለኛል።

6. ነሐሴ 12 ቀን መብረሪያዋ በኳስ ሜዳው በገመድ ታስራ በነፋስ ተሞከረች። ወንበሩ ላይ በእኔ ፈንታ አንድ ከረጢት ገብስ ተቀመጠ። ክንፎቹ ገና መዞር ሲጀምሩ ከባዱ ቀላሉን እየጎተተ መብረሪያዋን እንደ ወንፊት ነፋት። ወንበሩ ከነብሎኑ ተነቅሎ ሰባት እርምጃ ርቆ ወደቀ፣ ገብሱም በሜዳው ሙሉ ተዘራ። የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ «ወንበሩ በሰላም አርፏል» ይላል። መሪጌታም አዲስ ጥማድ በመጀመሪያው ቀን መራገጡ ያለ ነው ብለው አጽናኑኝ። የኳስ ሜዳው ዶሮዎች እስከ ዛሬ ገብስ ይለቅማሉ።

7. ከዚያ ወዲህ ከተማው አኳኋኑ ተለውጦብኛል። ሰዎች «አጥናፉ ደግ ሰው ነበር» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ያውም በደህናው ጆሮዬ። የእድራችን ሰብሳቢ አቶ አድማሴ ያለን ድንኳን አንድ ስለሆነ፣ ለበዓሉ የተተከለው በዕለቱ ይነቀል ወይስ እስከ ሠልስት ይቆይ ብለው በአክብሮት ጠይቀውኛል። ባለቤቴ አታለቅስም፣ አትቆጣም። ነጭ ጋቢዬን አጥባ አጥፋ ከሣጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች። ለበዓሉ ነው ትላለች። ጓድ አስተዳዳሪ፣ እኔ ቀይ ሽብሩም ወንበሩም አላስፈራኝም፣ ያ ጋቢ ግን አስፈርቶኛል።

8. ባለፈው እሑድ አቶ ፈንታሁን ደጃፌ ላይ ቆሞ «ግዝቱን ፈርቼ እንጂ ክንፌን መጥቼ በመጋዝ እቆርጠው ነበር» አለኝና አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ሁለታችንም አሜን ስላልን ዕርቁን ማፍረስ አንችልም። ሽማግሌዎቹም የፈረድነውን ብናነሣ ከእንግዲህ ማን ይሰማናል ይላሉ። መንግሥት ግን በዕርቁ ዕለት ከጥዱ ሥር ስላልነበረ አሜን አላለም። ስለሆነም ግዝቱ አይደርስበትም ብዬ አምናለሁ። ወደ እርስዎ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።

9. ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው ሦስት ወረቀት ቀድጄ ነው። በክንፉ አቶ ፈንታሁን ትክክል ነው። የእኔ አጫጭር ክንፎች ለደብረ ዘይት ያዋጣሉ፤ የእኛ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅም ክንፍ ይፈልጋል። ይህን ከጥቅምት ጀምሮ አውቀው ነበር፣ ሽንፈት መስሎኝ ግን ደበቅሁት። በጭራው ግን እኔ ትክክል ነኝ፤ እሱም ደጃፌ ላይ ቆሞ አምኗል። ስለዚህ ሁለቱም ክንፎች የእሱ ዋንዛ፣ ጭራው ደግሞ ሙሉ በሙሉ የእኔ እንዲሆን ከጽሕፈት ቤትዎ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። ይህም ያው ለሁለት መካፈል ስለሆነ ሽማግሌዎቻችንን አያሳፍርም።

በረራው ይቅርልኝ አላልሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሽቅብ ሳንጋጥጥ ኖሬአለሁ፤ አንድ ጊዜ ከፍ ብዬ ቤቴን ከላይ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያም ወርጄ ንግግሬን ማድረግ እፈልጋለሁ። ጽፌዋለሁ፣ አጭር ነው። በየሰልፉ ከምናሰማው «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት» ከሚለው መፈክር ውስጥ ካሉት ሁለት ምርጫዎች ለእኔ የፊተኛው እንዲፈቀድልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

መልሱ እስከ መስከረም 1 ቀን ከደረሰ በስሜ ይላክልኝ። ዘግይቶ ከሆነ ግን ለወይዘሮ አመለወርቅ በላይ እንዲሰጥልኝ፣ በተለይም የክንፉን ጉዳይ ማመኔን ወንድሟ ባለበት እንዲነበብላት አደራ እላለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አጥናፉ ወልደ ሚካኤል
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለክብረ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ
ለመሪጌታ አካሉ፣ ከይቅርታ ጋር
ለእድራችን ሰብሳቢ ለአቶ አድማሴ፣ ድንኳኑ በዕለቱ እንዲነቀል