ከፖርት ሳይድ ወሬ እስኪመጣ

ጥቅምት 22 ቀን 1949፣ ሐሙስ

የሦስተኛ ክፍልን ደብተር አርሜ ጨረስሁ። ጣቴ ቀይ ቀለም ብቻ ሆኗል። ከት/ቤት በቀጥታ ወደ ሳልህ ሱቅ፣ ላምባ ልገዛ። የመናዊው ሳልህ ራዲዮኑን ባንኮኒው ላይ አውጥቶታል። የዳንግላ ሰው በሩን ሞልቶ ቆሟል። የሚያወራው ካይሮ ነው፣ በዓረብኛ። ሳልህ እየቆራረጠ ይተረጉማል። እንግሊዝና ፈረንሳይ ግብፅን ባውሮፕላን እየደበደቡ ነው። በመርከብ መተላለፊያው ቦይ ምክንያት። ላምባውን ረስቼ መጣሁ።

ማስታወሻዬ፣ ወንድሜ ደሴ እዚያ ነው! የግሪኮች ጭነት መርከብ ላይ ነው የሚሠራ። የመስከረም ደብዳቤው፦ ሞተር ተበላሽቶብን ፖርት ሳይድ ወደብ ቆመናል፣ እስኪጠገን ዓሣ እየበላን ነው ይላል። ለእማ ያነበብሁላት እኔ ነኝ። አሁን ምን ልበላት? ወሬውን ደበቅኋት።

ጥቅ. 26፣ ሰኞ

ፖርት ሳይድ ላይ ወታደር በጃንጥላ ከሰማይ ወረደ። ሳልህ ሲተረጉም ላብ በላብ። ለሕዝቡ ጠመንጃ ታድሏል፣ ውጊያው ከቤት ቤት ነው አለ። ወደቡስ፣ መርከቦቹስ አልሁት። ትከሻውን ሰበቀ። እማ ባቄላ ስትለቅም ደረስሁ። ምነው ፊትሽ አለችኝ። ጥርሴን አመመኝ አልኋት። ውሸታም!

ጥቅ. 28፣ ረቡዕ

ተኩሱ ቆመ! ከተማው ግን ነዷል ይላል ራዲዮው፤ ቦዩም በሰመጠ መርከብ ተዘግቷል። የማን መርከብ? የሚናገር የለም። የሰው አፍ መቼ ያርፋል፣ ወሬው እማ ዘንድ ደርሷል። የልጄን ነገር ደበቅሽኝ ብላ ተቆጣችኝ። እውነቷን ነው። ምጽዋ ላለው የመርከቡ ወኪል ቴሌግራም መታሁ።

ኅዳር 1፣ ቅዳሜ

እማ ገና ሳይነጋ ትነሣለች። ተቀምጣ በሩን ታያለች። መርዶ በማለዳ ነዋ የሚመጣ።

ኅዳር 2፣ እሑድ

ጉድ ነው! ጎሕ ሲቀድ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃችን ቆሙ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዝም ብለው። ፊት ፊት አባ ይርዳው፣ የሟች አባቴ ወዳጅ። እማ እንደምን አደራችሁ እስኪሉ እንኳ አልጠበቀችም። ልጄን! ብላ ጮኸች። ፊቷን ቧጨረች፣ መሬት ተደፋች። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ገባ። እኔም አለቀስሁ፣ እውነት መስሎኝ። አባ ይርዳው እጃቸውን እያርገበገቡ፣ «ኧረ ስለ እግዚአብሔር! እኛ የመጣነው ለጋብቻ ነው!»

የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ለአንድ የግምጃ ቤት ሰው ልጅ። አንዷ ጎረቤት ፍርፍር ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። እማ ፊቷ እየደማ ሽማግሌዎቹን ይቅርታ ለመነች። ሌላ ቀን እንመለሳለን ብለው ሄዱ። ልጁን አላየሁትም፣ ላየውም አልፈልግም። ደሴ ብቻ ይገኝልኝ።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

የእማ ቁስል ጠገገ። ያን ቀን እያስታወሰች በአገውኛ ራሷን ትሳደባለች፣ ትስቃለች። ደሴ ሲመጣ እንዳትነግሪው ብላ አስማለችኝ። ከምጽዋ መልስ የለም።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰ.

ቴሌግራም ቤት ሄድሁ። ጸሐፊው ሲያየኝ አቀረቀረ። መልስ መጣ? አልመጣም አለ፤ ዓይኑን ግን አላሳየኝም። የምሥራች ቢሆን መንገድ ላይ እየጮኸ ቤታችን ድረስ በሮጠ ነበር። ስወጣ አባ ይርዳው እየገቡ። ጠርተዋቸዋል ማለት ነው። ቆሜ ጠበቅኋቸው። የታጠፈ ወረቀት ከጋቢያቸው ሥር ይዘው ወጡ። ነገ በማለዳ እንመጣለን፣ እናትሽን ብቻዋን አትተያት አሉኝ። መርዶ ለባለቤቱ እንዲህ በመንገድ አይሰጥም። እኔም አልጠየቅሁም። ደሴ! ወንድሜን!

እቤት ስገባ እማ ምን ሆንሽ አለች። አባ ይርዳው ነገ ሊመጡ ነው ብቻ አልኋት። ፊቷ በራ። ለጋብቻው መሰላት! ደጁን ጠረገች፣ ቄጠማ አስመጣች፣ ጠላ ከጎረቤት ለመነች። አሁን ፀጉርሽን ልሥራሽ ትለኛለች። ባለፈው አዋርጄሻለሁ፣ ነገስ እየሳቅሁ ነው በሩን የምከፍትላቸው አለች።

አይሆንም። አባ ይርዳው ይቆጡኝ፣ አገሩም ወግ አፈረሰች ይበለኝ። እናቴ ለልጇ መርዶ እየሳቀች በር አትከፍትም። አሁኑኑ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ እኔው እነግራታለሁ። እየጠራችኝ ነው፣ ነይ ተቀመጪ እያለች።