ከወደብ የመጣው ኩታ

ልጄ ሙሄዲን፣ በዋልክበትም ባደርክበትም አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። እኛ ሰቆጣ አልሐምዱሊላህ አለን። ይህን የምትጽፍልኝ እህትህ ዓሲያ ናት። ዝናቡ ዘንድሮም ቀረ፤ አባትህንም የቀበሌው ስብሰባ ሱቁን አላስከፍት ብሎታል።

ጫፉ ተተልትሎ የላክኸውን ኩታ ሰፋሁት። ሦስቴ ባጥበው ሦስቴም ጥቁር ውሃ ወጣው። ያመጣውን ነጋዴ ብጠይቀው፣ «ጅቡቲ ወደቡ ላይ መርከቡ ጥቁር ጭስ ሲተፋ ነው የሚውለው» አለኝ። አንተ ግን የባሕሩ አየር ተስማምቶኛል ትላለህ። ለአባትህ ጭቃ ነው አልኩት። መዋሸቱም ደከመኝ፣ ልጄ።

ኩታውን ከነጭ ማር ጋር መልሼልሃለሁ፤ ማሩን ጠዋት ጠዋት ላሰው። አላህ ደረትህን ያስፋልህ፣ ዕድሜህን ያርዝመው። ለዒድ ሰው ሲመጣ ኩታውን ሳታጥበው ላክልኝ። ደብዳቤህን ሰው ያነብልኛል፤ ኩታውን ግን ራሴ አነበዋለሁ።

እናትህ ሐሊሜ